ማን አየው?

ባለፈው ጥር እቴቴ የሺን ልጠይቃት ፍላቂት ሄጄ ነበር። እቴቴ የእናቴ ታላቅ እህት ናት። ዓይኗ ደክሟል፤ ጆሮዋ ግን ዛሬም ከግድግዳ ማዶ ያለ ሹክሹክታ አያመልጠውም። ብርዱ እንደ ድሮው ነው፣ አጥንት ይገባል። ገና አረፍ ከማለቴ፣ «በይ እስቲ ሳጥኑን ክፈችና ጋቢዬን አውጪልኝ» አለችኝ። ጋቢውን ሳነሳው ከሥሩ አንድ ሽታ ወጥቶ አፍንጫዬን ያዘው፤ ፀሐይ የጠበሰው ቆዳ፣ የፈሰሰ የባትሪ ድንጋይ፣ ከዚያ ላይ ደግሞ የገብስ ቆሎ።

«ሬዲዮኑ እስካሁን አለ እንዴ?»

«የት ይሄዳል? እግር የለው።»

በቅርቡ ጦርነት ቤቷ ተበርብሯል። ብርድ ልብሱ ሄዷል፣ ድስቱ ሄዷል፣ የጠላ ጋኑ ሳይቀር ተሰብሯል። ሬዲዮኑን ግን ዞር ብሎ ያየው የለም፤ በዚህ ዘመን ማን ሬዲዮን ይሰርቃል? በቆዳ ልብሱ እንደተጠቀለለ ጭኔ ላይ አስቀመጥኩት። እቴቴ «አንቺ ልጅ፣ በረደኝ እኮ!» እስክትል ድረስ እኔ ሦስተኛ ክፍል ተመልሼ ገብቼ ነበር።

የባድሜ ጦርነት ጊዜ ነው። የእቴቴ አንድያ ልጅ አበባው ዘመተና እናቴ፣ «እህቴ ብቻዋን ከምትሆን አንቺ ሂጂላት፤ ትምህርት ቤቱም ቅርብ ይሆንልሻል» ብላ ከገጠር አመጣችኝ። እውነቱን ልናገርና ደስ ብሎኝ ነበር። በፍላቂት የቻይና መንገድ ያልፋል። መኪና አለ፣ ገበያ አለ፤ እቴቴ ደግሞ ጠላ ሻጭ ስለሆነች ደጇ ላይ ጣሳ የተደፋበት እንጨት ቆሟል፣ ቤቷም ወሬ አያልቅበትም። እኔ ከመጣሁበት መንደር ወሬ ማለት የማን ላም ወለደች ነው።

አበባውን የማያውቅ አልነበረም። የጭነት መኪና ረዳት ሆኖ ወልድያ ሲመላለስ፣ ጸጉሩን በጊዜው እንደነበሩት ዘፋኞች አጎፍሮ፣ የሚተኛበትን የጓዳ ግድግዳ ከጋዜጣና ከቀን መቁጠሪያ በቆረጠው የዘፋኝ ፎቶ ለብጦት ነበር። ሰርግ ላይ እሱ ካልደረሰ ጭፈራው አይሞቅም። ሬዲዮኑን የገዛው በዚያው በረዳትነቱ ነው። የዘመተ ዕለትም የወታደር መኪናው ኦራል ላይ ቆሞ ትከሻውን እየሰበቀ ሄደ አሉ። ከመሄዱ በፊት ከላይ ጎንበስ ብሎ እናቱን፣ «እማ፣ ሬዲዮኑን እንዳትሸጪው! በሠራዊቱ የዘፈን ምርጫ እጠራሻለሁ» አላት።

እቴቴ በዚህች ቃል ታስራ ተቀመጠች። ሬዲዮኑ እሁድ ከሰዓት፣ ለዘፈን ምርጫው ብቻ ይከፈታል። በሌላ ጊዜ የነካው ወዮለት። ጠጪዎቹ «እቴቴ፣ ዜናውን እንኳ አሰሚን?» ሲሉ፣ «ዜና ድንጋይ ይበላል» ትላቸዋለች። የባትሪ ድንጋይ የሚያመጣው ሰይድ የሚባል የወልድያ ነጋዴ ነበር፤ እሱም መንገዱ በወታደር መኪና ስለተያዘ ከመጣ መጣ፣ ከቀረ ቀረ ነው። ስለዚህ ድንጋዮቹን ማቆየት የእኔ ሥራ ሆነ። ጠዋት ከሬዲዮኑ አወጣቸውና የተሰጣው ገብስ ዳር ፀሐይ ላይ እደረድራቸዋለሁ፤ ሲሞቁ አገላብጣቸዋለሁ፤ ማታ በጨርቅ ጠቅልዬ ከእቴቴ ራስጌ አኖራለሁ። ድምፁ ሲደክም ደግሞ በጥርሴ ነከስ ነከስ አደርጋቸዋለሁ። ያ የብረት ጣዕም አሁን ስጽፍ እንኳ ምላሴ ላይ አለ።

የዘፈን ምርጫው እንዲህ ነበር፤ የወታደሩ ስም ይነበባል፣ ሰላም የሚላቸው ሰዎች ይጠራሉ፣ ከዚያ የመረጠው ዘፈን ይለቀቃል። እኔ በልቤ አንባቢዋ ሴትዮ ከአንድ ትልቅ ድንጋይ ጀርባ ተቀምጣ፣ ወታደሮቹ ተራ በተራ እየመጡ የእናታቸውን ስም በጆሮዋ ነግረዋት ወደ ተኩሱ የሚመለሱ ይመስለኝ ነበር። ዘፈን እየተዘፈነ መቼም አይተኮስም ብዬም አምን ነበር። ስለዚህ ረጅም ዘፈን የመረጠ ወታደር እወዳለሁ፤ አጭር የመረጠውን እረግማለሁ።

ያን ዓመት የማይዘፍን አልነበረም። ትምህርት ቤት ከሰልፍ በኋላ ስለ ጀግና እንዘምራለን፤ ሴቶቹ ለሠራዊቱ ገብስ እየቆሉ በሶ ሲፈጩ ያዜማሉ፤ ፍላቂት ከዳር እዳር ቆሎ ቆሎ ትሸታለች። የአማርኛ መምህራችን ደግሞ አጭር ድራማ ጻፈና የጀግናው እናት እኔ ሆንኩ። ሥራዬ ቀላል ነው፤ መልእክተኛው እየሮጠ ገብቶ «ልጅሽ ለአገሩ ወደቀ!» ሲል፣ እኔ እሪ ብዬ ወድቄ ማልቀስ ነው። ቤት ውስጥ ስለማመድ እቴቴ ጠላ እያጠለለች ታየኛለች።

«ተነሺ እስቲ» አለችኝ አንድ ቀን። «ምን ሆነሽ ነው የወደቅሽ?»

«ልጄ ሞቶ ነዋ።»

«ማን አየው?»

«መልእክተኛው ነው የነገረኝ።»

«እሱ አይቷል ወይስ ሰምቶ ነው?»

ይህ ድራማው ላይ አልተጻፈም። በነጋታው መምህራችንን «መልእክተኛው አይቷል ወይስ ሰምቷል?» ብዬ ብጠይቀው ክፍሉ ሁሉ ሳቀብኝ። እኔ ግን ነገሩ ከነከነኝ። የድራማው ዕለት፣ አገር ምድሩ ተሰብስቦ፣ መልእክተኛው እየሮጠ ገብቶ ቃሉን ጮኾ ሲናገር፣ በመውደቅ ፈንታ «ማን አየው? አንተ አይተኸዋል?» አልኩት። ልጁ ግራ ቀኙን አየና «እኔ እንጃ» አለ። ሜዳው በሳቅ ፈረሰ። መምህራችን ጆሮዬን ይዞ ከመድረክ አወረደኝ። ከሕዝቡ መካከል ያልሳቀች እቴቴ ብቻ ነበረች፤ ራሷን ወደ ላይና ወደ ታች ትነቀንቅ ነበር።

አዝመራው ገብቶ ውርጭ ሲጀምር ፍላቂት ተለወጠች። ጎረቤታችን ደብሬ ሳትለመን ውኃ ቀድታልን ገባች። ጠጪዎቹ ጠላው ቀጠነ ብለው መነዝነዝ ተዉ። የእቴቴ የነፍስ አባት አባ ምስጋናው፣ በሳምንት አንዴ ይመጡ የነበሩት፣ ሁለቴ ሦስቴ መጥተው፣ ስለ ገብሱ ጠይቀው፣ አቀርቅረው ሄዱ። እኔ ደስ አለኝ፤ ሰው ሁሉ ወዶናል አልኩ።

እቴቴ ግን፣ «ምነው ሰዉ ሁሉ ጨዋ ሆነ? ፍላቂት ጨዋ ከሆነችማ ነገር አለ» አለች።

ነገሩ ይህ ነበር። ካሳው የሚባል ወታደር እግሩን ተመትቶ ወደ መንደሩ ተመልሷል። መንደሩ ከእኛ ግማሽ ቀን በእግር ያስኬዳል። እሱም፣ አንድ ጋራ ነበረ፣ የእኛ አገር ልጆች ወጡበት፣ የወረደ አላየሁም ብሏል። ወሬው አፍ ላፍ ሲመጣ አድጎ፣ ፍላቂት ሲደርስ «አበባው ሞቷል» ሆነ። ሽማግሌዎቹም በየቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር እየቆሙ መቼ እናርዳት ይላሉ። መርዶ በአገራችን ሰው ሳይበላ ሳይጠጣ፣ ገና ጎህ ሲቀድ ነው የሚነገረው። እኛ ቤት ይህን የሚያውቅ አልነበረም።

በዚያው ሳምንት ሐሚናዎቹ መጡ። ላሊበላዎች የሚላቸውም አለ። አዝመራ ሲገባ ይመጣሉ፤ ባልና ሚስት ሆነው ፀሐይ ሳትወጣ በየደጁ እየዞሩ የባለቤቱን ስም እየጠሩ ያወድሳሉ፣ እህል ይሰጣቸዋል፣ መርቀው ይሄዳሉ። ይህን ከተዉ ደዌ ይይዘናል ብለው ያምናሉ። የሰው ስም በተአምር የሚያውቁ ይመስል ነበር። ተአምሩ እኔ ነበርኩ። በገበያ ቀን ልጅ ያዘለች ሴት ቀረብ ብላ፣ «የኔ አበባ፣ ጣሳ የተሰቀለበት ቤት እመቤት ማን ትባላለች? ልጅስ አላት?» ስትለኝ፣ የሺ ትባላለች፣ ልጇ አበባው ነው፣ አንበሳ ነው፣ ዘምቷል፣ በሬዲዮን ሊጠራን ነው ብዬ ሳትጠይቀኝ ጭምር ዘረገፍኩላት። ሌላ ማንም ስለ አበባው ጠይቆኝ ስለማያውቅ ኮራሁ።

በነጋታው ጎህ ሲቀድ፣ ውርጩ ደጁን ነጭ አድርጎት፣ የሰውየው ድምፅ ከበራችን ላይ ተነሣ። ወፍራም፣ ሆድ የሚያባባ ድምፅ ነው።

«አበባው! አበባው! የደጋው አንበሳ፣
እናትህ ከደጅ ናት፣ በል ተነሣ ተነሣ።»

ቀጣዩን ስንኝ ሳይጀምር ከደብሬ ቤት ጩኸት ወጣ። «ወየው አበባው! ወየው ወንድሜ!» ከዚያ ከወዲያ ማዶ ሌላ፣ ከዚያ ሌላ። እኔና እቴቴ ከመደብ ሳንወርድ ደጁ በሰው ተሞላ። ሴቶቹ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አስረው ደረታቸውን ይመታሉ። ሐሚናው አፉን ከፍቶ ቀረ፤ ሚስቱ ስልቻውን አቅፋ ወደ አጥሩ ተጠጋች። አባ ምስጋናው መስቀላቸውን ይዘው እያለከለኩ ደረሱና፣ «ማን ቀደመን? ማን አረዳት?» አሉ።

እቴቴ ወጣች። መቀነቷን እንኳ አልታጠቀችም። በሩ መቃን ላይ ቆማ እጇን አነሣች።

«ጸጥ በሉ!»

ጸጥ አሉ። መጀመሪያ ወደ ሐሚናው ዞረች። «አንተ ሰውዬ፣ ልጄን የት አየኸው?»

«ኧረ እመቤቴ፣ እኔ ምኑን አይቼ! ስሙን ከዚች ልጅ ነው የሰማነው። እህል ልንለምን ነው የመጣን» ብሎ እኔን አሳየ። ሰው ሁሉ አየኝ። ምን እንዳጠፋሁ አልገባኝም፤ የእቴቴን ቀሚስ ያዝኩ።

«እሱስ እህል ሊለምን ነው» አለች እቴቴ። «እናንተስ? ሐሚና በዘፈነ የምታለቅሱት ምን ሰምታችሁ ነው?»

 አባ ምስጋናው ቀረብ አሉ። «የሺ ልጄ፣ ወሬ ደርሶን ነበር። ጊዜ እየጠበቅን ነው እንጂ…»

«ማን አየው፣ አባ?»

«ካሳው የሚባል ልጅ ነው፣ አይቷል አሉ።»

«አሉ? ካሳውን አንቱ ራስዎ አነጋገሩት?»

«እኔስ አላነጋገርኩትም።»

«እንግዲያ ነጠላችሁን ፍቱ። እንባችሁን አስቀምጡልኝ፤ ያስፈልገኝ ይሆናል።»

እንዲህ ተብሎ ሰው ምን ያደርጋል? ነጠላውን እየፈታ፣ እየተያየ ቆመ። እሷ ወደ ሐሚናው ተመለሰች። «አንተ ደግሞ ጨርስ። ጀምረህ አልነበር?»

ሰውየው ቀጠለ።

«ጠላዋ እንደ ምንጭ ነው፣ ደጇ እንደ ገበያ፣
መንገደኛን ሁሉ ያቀፈች በጉያ።»

ገብስ በቁና ሞልታ፣ ከላይ ቆልላ ሰጠችው። «በዚህ ሳምንት ልጄን በሕይወት እንዳለ ሰው የጠራው ያንተ አፍ ብቻ ነው» አለችው። እሱም ያን ያህል እህል ከአንድ ቤት አግኝቶ ስለማያውቅ ይሁን ስለ ሌላ፣ እያለቀሰ መርቆ ሄደ።

ዕለቱን ወደ ካሳው መንደር ተነሣን። እቴቴ በሶ ቋጠረች፤ እኔን ያስከተለችኝ ብቻዬን ትታኝ እንዳትሄድ ነው፤ እኔ ግን ካሳውን ለመያዝ የምንዘምት መስሎኝ ድንጋይ በኪሴ ይዤ ነበር። ገደል ገደሉን ስንወርድ፣ ፊቷን ሳታዞር ማውራት ጀመረች።

«ባሌን አታውቂው። በደርግ ጊዜ ሚሊሻ ብለው ወሰዱት። ከዚያ አንድ ሰው መጣና ሞቷል አለኝ። ማን አየው አላልኩም ብርቄ። ጸጉሬን ተላጨሁ፣ ፊቴን ነጨሁ፣ በሬ ሸጬ ተዝካሩን አበላሁ። አገሩ ሁሉ አለቀሰለት። እንዲህ ያለ ለቅሶ አላየንም ተባለ።»

ትንሽ ሄድን።

«ደርግ ሲወድቅ ወታደሩ በዚያ በቻይና መንገድ በእግሩ ሲተም፣ ውኃ አጠጣ ነበር። እግሩ ያበጠ፣ ልብሱ ያለቀ፣ ስንቱ! አንዱ ደጄ ላይ ቆሞ ውኃ አይለምንም። ምን ፈለግህ ስለው፣ 'የሺ፣ እንዴት ከረምሽ' አለኝ።»

«እሱ ነው?»

«እሱ ነዋ። ተዝካሩን በልተን እሱ መጣ። ሰዉ ሳቀበት። ልጆች 'ሙቱ መጣ' እያሉ ይሸሹት ነበር። ደረቱን ታሞ ነበርና በዓመቱ የእውነቱን ሞተ። ያኔ ማን የመጣ መሰለሽ? አባ ምስጋናውና ጥቂት ጎረቤት። ሰው ምን ያድርግ? አንዴ ተለቅሶለታል። እኔም ራሴ እንባ አጣሁ። ለቅሶ አንድ ነው ልጄ። በሕይወት ላለ ሰው ካባከንሽው፣ ለሙቱ ከየት ታመጫለሽ?»

ይህን ነገር እኔ ቃል በቃል ወሰድኩት። እንባ እንደ እህል በጎታ ተሰፍሮ የሚሰጠን መሰለኝ። በድራማው ልምምድ ስንቱን እንዳፈሰስኩ አስቤ ደነገጥኩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ብወድቅም፣ መምህር ቢገርፈኝም፣ ፍየሏ ብትሞትም ከንፈሬን ነክሼ ዝም አልኩ። ሰዎች ጠንካራ ልጅ ወጣት አሉ። እኔ ቆጥቤ ነው።

ካሳው ደጁ ላይ እግሩን ዘርግቶ ፀሐይ ይሞቃል። ገና ልጅ ነው፤ ጢም እንኳ አላበቀለም። ኪሴ ውስጥ ያለውን ድንጋይ ለቀቅ አደረግሁት። እቴቴ ሰላምታውን ሳታስረዝም፣ «አበባውን አየኸው?» አለችው።

«እትዬ፣ ጭስ ነበር። ምድርና ሰማዩ አይለይም…»

«ጭሱን አልጠየቅሁህም።»

ልጁ መሬት መሬት አየ። «ሲወጣ አይቼዋለሁ። እየዘፈነ ነበር።»

«ሲወድቅስ?»

«አላየሁም። እኔ ቀድሜ ተመታሁ፣ አወረዱኝ።»

«ሞቷል ብለሃል?»

«አላልኩም እትዬ! ሲወርድ አላየሁም ነው ያልኩት። ማርያምን!»

በሶውን ሰጠችው፣ ራሱን ዳበሰችው። «ያላየኸውን አየሁ ስላላልክ እግዜር ይማርህ» አለች። በመመለሻችን አቀበቱን ከእኔ ቀድማ ወጣች።

ለገና ወደ ላሊበላ የሚሄዱ ተሳላሚዎች በእኛ ደጅ ሲያልፉ፣ ለአንዲት መነኩሴ ጧፍ ሰጥታ የአበባውን የክርስትና ስም ነገረቻቸው። መነኩሴዋ «ለነፍሱ ነው ለጤናው?» ብለው ጠየቁ። ደብሬ አንገቷን ደፋች። እቴቴ «ለጤናው!» አለች፤ ድምፅዋ ከመንገዱ ማዶ ተሰማ። ከንፈር የሚመጡባት ብዙ ነበሩ። አንጀቷ ስለማይችል ነው፣ ልቧ ስለካደ ነው ይሏታል። ለቅሶ አልቀመጥም ያለች እናት ነውር ነውና አንዳንዶቹ ጠላዋን መጠጣት ተዉ። እሷ ጠላዋን መጥመቋን አልተወችም፤ እሁድ ሲመጣ ሬዲዮኑን ከቆዳ ልብሱ አውጥታ በርጩማ ላይ ታስቀምጣለች።

ጥምቀት ካለፈ በኋላ ባለች አንዲት እሁድ፣ ሰይድ ከጠፋ ሰንብቶ፣ ድንጋዮቹ በጣም ደክመው ነበር። ጠዋቱን በሙሉ ፀሐይ ላይ አገላብጬአቸው፣ ነክሻቸው፣ አሽቼያቸው ከተትኳቸው። ሬዲዮኑ እንደታመመ ሰው ያቃስታል። ጆሯችንን ደቅነን ሳለን፣ «…ከግንባር አበባው… ለእናቴ ለወይዘሮ የሺ፣ ለአክስቴ ልጅ ለብርቄ፣ ለፍላቂት ሕዝብ በሙሉ…» አለች አንባቢዋ።

ስሜ! እኔ ስሜ በሬዲዮን ተጠራ! ዘልዬ ደብሬ ላይ ተንጠለጠልኩ። ቤቱ በእልልታ ተናጋ። ከመንገድ ሰው ገባ። አባ ምስጋናው «ስብሐት ለእግዚአብሔር» እያሉ መስቀላቸውን አነሡ። ጠላዋን ትተው የነበሩት ሁሉ ይቅር በይን እያሉ ጉልበቷን ለመሳም ጎነበሱ። እቴቴ ግን ጥግ ላይ ወደተቀመጠው መምህራችን ዞረች።

«ይህ ሰላምታ መቼ የተጻፈ ነው?»

«እሱማ አይታወቅም እቴቴ። ወረፋ አለው፤ ሊቆይ ይችላል።»

«ከጋራው በፊት ነው በኋላ?»

«ማን ያውቃል?»

«እንግዲያ አላየነውም» አለች። እልልታው ቀስ እያለ በረደ። በጣም ተናደድኩባት፤ ሰው እንዴት ደስታን እምቢ ይላል? ዘፈኑ ግን እየተዘፈነ ነበርና እስኪያልቅ ማንም እንዳያወራ በእጇ ከለከለች። እኔ ከሥሯ መሬት ላይ ስለተቀመጥኩ ሰው ያላየውን አየሁ። የእግሯ ጣቶች ከቀሚሷ ሥር ሆነው ምቱን ይከተሉ ነበር።

ከዚያ ሁዳዴ ገባ፣ ፋሲካ ሆነ፣ ግንቦት አለፈ። ስሙ ዳግም አልተጠራም።

ሰኔ ሊገባ ሲል፣ ደመናው ዝቅ ባለበት አንድ ከሰዓት፣ ከመኪና አንድ ወታደር ወረደ። የእኛ አገር ሰው አልነበረም፤ አማርኛው የደቡብ ነው። ጣሳውን አይቶ ቆመ፣ ገባ፣ ኮፍያውን አወለቀ።

«የአበባው እናት ቤት ይሄ ነው?»

እቴቴ ጋኑ አጠገብ ነበረች። እጇን በቀሚሷ ጠረገች። «ነው። ግባ ልጄ፣ ተቀመጥ።» ጠላ ቀዳችለት። ጣሳውን ይዞ ሳይጠጣ ቀረ።

«አየኸው?» አለችው።

«አየሁት፣ ማዘር።»

«ከጋራው ወርዶ ነበር?»

«ወርዶ ነበር። ሁለታችን ነን የወረድነው። ከዚያ በኋላ ብዙ አብረን ነበርን። አንድ እሁድ ምሽግ ውስጥ ሬዲዮን ነበረችን፣ ስምሽ ሲጠራ ሰማነው። ተነሥቶ ጨፈረ። አጎንብስ እያልን እግሩን ይዘን ነው ያስቀመጥነው።»

እቴቴ ዓይኗን ጨፈነች። እኔ እግሯን አየሁ። አይንቀሳቀስም።

«ከዚያስ?»

«ፋሲካ ሳይደርስ።» ጣሳውን መሬት ላይ አስቀመጠ። «አጠገቤ ነበር ማዘር።»

«ማን ቀበረው?»

«እኔ። በእነዚህ እጆቼ።»

ተነሥታ ማስታጠቢያውን አመጣች። እኔን አልጠራችኝም፤ ራሷ ከፊቱ ተንበረከከች። ወታደሩ «ኧረ ማዘር፣ ኧረ አይሆንም» እያለ ሊነሣ ቢል በእጇ መለሰችው። ውኃ እያፈሰሰች እጆቹን አንድ በአንድ፣ በጣቶቹ መሐል ሳይቀር አጠበቻቸው። በነጠላዋ አደረቀቻቸው፣ ከዚያ መዳፎቹን ሳመች። ደብሬ በሩ ላይ ደርሳ ቆማለች።

«ደብሬ» አለች እቴቴ፣ ሳትነሣ።

«አቤት እቴቴ።»

«አባን ጥሪልኝ። ለሰዉም ንገሪ። አስቀምጡልኝ ያልኳችሁን አሁን አምጡልኝ።»

አመጡላት። በነጋታው የመጣውን ሰው ፍላቂት አይታ አታውቅም። ካሳው በምርኩዙ መጣ። ሐሚናዎቹ ባልና ሚስት ከየት እንደሰሙ እንጃ፣ ጠራራ ፀሐይ ላይ መጥተው ሳያዜሙ ከኋላ ቆሙ። እቴቴ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ በመካከል ስትወጣ ሰው ሁሉ ተከፈለላት። ያለቀሰችው ለሁለት ሰው ነበር፤ የባሏን ስምና የልጇን ስም እያፈራረቀች ትጠራ ነበር።

እኔ ሬዲዮኑ ካለበት በርጩማ አጠገብ ቆሜ፣ ከንፈሬን እንደነከስኩ ሰዉን አያለሁ። አባ ምስጋናው አጠገቤ መጥተው ጎንበስ አሉና፣ «ብርቄ፣ አንቺስ?» አሉኝ። ያጠራቀምኩት ይበቃ እንደሆነ አላውቅም ነበር። ጀመርኩት። እስኪመሽ አላለቀም።